ሙት ዘር የበላው ማሳ

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ተረት ይዣለሁ።

አንድ ጊዜ ጉም በማይለቀው ሸለቆ ውስጥ በረዶ ወርዶ የአበሻ ጎመኑን ሁሉ ጨረሰው። ዘር የተረፈው ቀበሮ ቤት ብቻ ነበር። አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ሄደች። ክረምቱ ሳይወጣ ጎመን ካልደረሰላት ወተቷ ይነጥፋል፤ ውርንጭላዋም በጋውን አትሻገርም።

«አያ ቀበሮ፣ ግን ይበቅላል?»

ቀበሮ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ቅል አወረደ። ዘሩ ያብረቀርቃል። «አይ እመት አህያ፣ ጆሮ ብቻ! የአያቴን ዘር ልትጠረጥሪ ነው?»

በዚያ አገር የጎረቤትን ዘር መሞከር ነውር ነበር። አህያ አፈረች። የገለባ ክምሯን ሰጥታ ወሰደች፤ ዘራችም።

ዝናቡ ዘነበ። አምስት ቀን፣ ዐሥር ቀን... አንዲት ቡቃያ የለም። ማሳው ላይ ወፍ እንኳ አታርፍም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጅብ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። አህያ ውርንጭላዋን ከኋላዋ ሸሸገች። እሱ ግን ዞር ብሎም አላያት፤ መሬቱን ያሸታል።

«እመት አህያ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ኧረ ማንም!»

«አትዋሺኝ። ከእግርሽ ሥር እልፍ ሬሳ ይሸተኛል።»

ምራቁን እያዝረበረበ ቆፈረ፣ ቆፈረ። ያገኘው አንዲት የጎመን ፍሬ ነበር። ነክሶ ተፋት። «ኤጭ! ሬሳስ ሬሳ ነው፤ ሥጋ የለውም እንጂ!»

አህያ የተሰነጠቀችውን ፍሬ አየች። ደህና የጎመን ዘር ውስጡ ቢጫ ነው፤ ይህች ግን ከሰል መስላለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጭስ ዘርን ከነቀዝ ይጠብቃል፣ እሳት ሲቀርበው ግን ይሞታል። ቀበሮ ዘሩ በምድጃው ሙቀት መሞቱን እያወቀ፣ እንዲያብረቀርቅ በቅቤ አሽቶት ኖሯል!

አህያ ቀበሮን ከስሳ አንበሳ ፊት ቀረቡ። ቀበሮ ማለ፣ ተገዘተ።

«ጌታዬ፣ መሐላ አይበቅልም» አለች አህያ። «ዘሩ ራሱ ይመስክር።»

ከቀበሮ ቅል ዐሥር ፍሬ ተቆጠረ። ለዘር ፍለጋ ወንዝ ማዶ ሄዳ ገና ያን ዕለት ከተመለሰችው ከኤሊ እፍኝም ዐሥር። እርጥብ የኮባ ቅጠል ላይ አድርገው ሸፈኑት። በአምስተኛው ቀን ሲገለጥ ከኤሊ ፍሬዎች ዘጠኙ ነጫጭ ሥር አውጥተዋል። የቀበሮ ዐሥሩም እንደ ሙት ዓይን ፈጠው ቀርተዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ አንበሳ፣ «ከዐሥር ስምንት ያልበቀለ ዘር ለጎረቤት አይሰጥ! ቀበሮ፣ ገለባዋን መልስ!»

አህያ ከኤሊ ተካፍላ ዘራች። ጎመኑ ለጥቂት ደረሰላት፤ ውርንጭላዋም በጋውን ተሻገረች።

ከዚህ የምንማረው ዘር በመልኩና በሰጪው ስም እንደማይታመን ነውና፣ እናንተም ዛሬውኑ ከዘር ቋጠሯችሁ ዐሥር ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሞክሩት።