ጅብ የበላው ግንብ

አንድ ጊዜ፣ አህያና ጅብ በአንድ መንደር ይኖሩ በነበረበት ዘመን (ማን እንዳስማማቸው እኔን አትጠይቁኝ)፣ በወንዝ አፋፍ ላይ አንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ነበር። የአያት የቅድመ አያት ሥራ ነው። ድንጋዩን ደግፎ ያቆመው የእንጨት ማገር ሲሆን፣ ማገሩ የታሰረው በጠፍር፣ ማለትም በደረቀ የበሬ ቆዳ ነበር። ጦጣ ጫፉ ላይ ተቀምጣ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ስታይ ትጮሃለች። ያን ጊዜ እመት አህያ ውርንጭላዋን ይዛ ወደ ኮረብታው ትሮጣለች። ቤቷ ረባዳው ላይ ነውና፣ ያለዚያ ጩኸት ክረምቱን አይሻገሩትም።

ክረምት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ግንቡ በጠራራ ፀሐይ ተናደ። ጦጣ ከነመቀመጫዋ ወርዳ የገለባ ክምር ላይ ተገኘች።

አያ አንበሶ አውጫጭኝ ጠራ። እንደ አገሩ ደንብ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ከዋርካው ሥር ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ምግብም የለም።

አያ ጅቦ ቀድሞ ተነሣ። «ያፈረሰችውማ አህያ ናት» አለ። «ጠዋት ማታ ስታናፋበት ድንጋዩ ምን ያድርግ?»

«እኔ?» አለች እመት አህያ። «ልጄ የሚተርፍልኝ በዚያ ግንብ አይደለም እንዴ፣ አያ ጅቦ?» እንባዋ መጣ።

እመት ቀበሮ ዝም ብላ ታይ ነበር። ከፍርስራሹ መሃል አንዲትም የጠፍር ቁራጭ እንዳልተገኘች፣ የአያ ጅቦ ሆድም ያን ሰሞን ከበሮ ማከሉን ልብ ብላለች። ግን አልተናገረችም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የጅብን ግን ረሃብ እንደሚያወጣው ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ብድግ አለች። «አያ አንበሶ፣ ጥፋተኛው ይቆየንና ግንቡን እንሥራ። ብቻ ከእንግዲህ ማገሩን በጠፍር ሳይሆን በሐረግ እንሰረው።»

«በሐረግ?» አለ አያ ጅቦ ከተጋደመበት ቀና ብሎ። «ሐረግማ ምን ጣዕም አለው?»

ጉባኤው ሁሉ ዞሮ አየው። አያ ጅቦ ራሱ ያለውን ነገር የሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

«ለዓይን ማለቴ ነው» አለ።

አያ አንበሶ ጥፍሩን አወጣ። ቀበሮ ግን «ይቆዩ ጌታዬ» አለች። «ሐረግ ክረምት አይሻገርም። ሽማግሌው በሬ ሲሞት ለግንቡ የተናዘዘው ቆዳ አለ፤ በእሱ ይታሰር። ድንጋዩን አያ ጅቦ ያመላልስ። ሲያልቅ የግንቡ ምድር ቤት መኖሪያው ይሁን። ሌላ ቦታ ሲያድር ከተገኘ ግን የእሱም ቆዳ ለጠፍር ይውላል።»

እንዲህ ሆኖ ጅብ ተጫነ፣ አህያ ነዳች። «ቀስ፣ እንዳይሰበር» እያለች ከኋላው ትከተለው ነበር።

ግንቡ በወሩ ቆመ። ደራሽ ውሃ ሲመጣ ጦጣ ጮኸች፤ እመት አህያም ውርንጭላዋን አስቀድማ ኮረብታው ላይ ደረሰች።

አያ ጅቦ ምድር ቤቱ ውስጥ በተጋደመ ቁጥር ጠፍሩን ቀና ብሎ ያይና ምራቁን ይውጣል። ከዚያ ከጠፍሩ በላይ ያለውን ድንጋይ ያይና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን አይጥ ጠፍሩን ልትቀምስ ስትጠጋ አያት።

«ዞር በይ» አላት። «ግንቡ የአያት የቅድመ አያት ቅርስ መሆኑን አታውቂም?»

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራውን ቤት የሚቦረቡር ሰው ቤቱ የእሱም መሆኑ የሚገባው ጣሪያው በራሱ አናት ላይ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው።