በሶፉ መካከል አንዲት ስንዝር

የከተማዋን ስም አትጠይቁኝ። ጥንታዊ ናት፣ በድንጋይ አጥር የታጠረች፤ ሰዎቿም እንደኛው ሶላት ወዳድ፣ እንደኛው ለፍርድ ቸኳይ ነበሩ። በዚያች ከተማ ሸህ ደሊል የሚባሉ አሊም ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከፊተኛው ሶፍ፣ ከኢማሙ ጀርባ ካለው የሰጋጆች ረድፍ፣ ተለይተው አያውቁም።

ራሂማ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትም ነበረች። ልጇ ጦሃ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ንግግሩ ጥቂት ነው፣ መስጊድ ግን ይወዳል። ችግሩ በየጁምዓው ሶላት ሊጀመር ኢቃም ሲባል መጮሁ፣ አጠገቡ ያገኘውን መግፋቱ ነው። ባለፈው ጁምዓ ሶፍ የሚያስተካክሉትን አዛውንት፣ ሐጂ መንሱርን፣ በክርኑ መትቶ ከንፈራቸውን አደማ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ጂን ነው አለ፣ ሌላው ጥጋብ ነው አለ፤ መድኃኒቱ ላይ ግን ለመስማማት ማንም አልቀደማቸውም። ዳግመኛ ከጮኸ እግር ብረት ተደርጎበት ከቤቱ ምሰሶ ሊታሰር ተወሰነ። ብረቱም ተሠርቶ በጆንያ ተጠቅልሎ መስጊዱ ደጃፍ ተቀመጠ።

በተከታዩ ጁምዓ ራሂማ ከልጇ ጋር መጥታ ጆንያውን ስታይ ደጃፉ ላይ ቆመች። ልጇን ቤት ማስቀረት ትችል ነበር። ግን በጠዋት ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ በር ላይ ሲጠብቃት እንዴት ብላ «ቅር» ትበለው?

ሸህ ደሊል ደጃፉ ላይ አገኟት።

«ልጄ ራሂማ፣ ቤት ውስጥም ይጮሃል?»

«አይጮህም፣ ሸሃችን። ብቻ ሰው ሲነካው አይወድም። እኔ እናቱ እንኳ ሳልነግረው አልነካውም።»

«ይህን ለሽማግሌዎቹ ነገርሻቸው?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሸሁ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ ከጦሃ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ጦሃ፣ የት ብትቆም ይመችሃል?»

ጦሃ መሬት መሬት እያየ «ከዓምዱ ጋ» አለ።

ራሂማ ከሴቶች መጋረጃ ጀርባ ገባች። ከዚያ መስማት እንጂ ማየት የለም። ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ አልቆ ኢቃም ሲባል የሐጂ መንሱር ድምፅ ተነሳ።

«ትከሻ ለትከሻ! ተጠጋጉ! ለሸይጧን ክፍተት አትተዉ!»

ያን ጊዜ ገባት። ጩኸቱ ሁልጊዜ የሚመጣው ከዚህ ቃል በኋላ ነበር! ሰው ሁሉ ለዲኑ ሲል እየተጠጋ፣ ልጇን በሁለት ትከሻ መሃል ሲያጨንቀው ኖሯል። የሐጂው እርምጃ ወደ ዓምዱ ቀረበ።

«ሸሃችን! እርስዎ እዚህ መጨረሻ ሶፍ ላይ?»

«ዛሬ ቦታዬ እዚህ ነው።»

«መልካም። ታዲያ በእርስዎና በጦሃ መካከል አንድ ስንዝር ክፍት ነው። ጠጋ ይበሉ።»

«አልጠጋም።»

የጦሃ ትንፋሽ ሲፈጥን እስከ መጋረጃው ይሰማል። አንድ እጅ ቢነካው አበቃ። ራሂማ ዱዓ ልታደርግ ፈለገች፤ ከፍርሃት የተነሳ «ያ አላህ» ከማለት አላለፈችም።

«ሸሃችን፣ ክፍተቱ እኮ ለሸይጧን...»

«ሐጂ መንሱር፣ ይህ ክፍተት ለወንድማችን ነው።»

የሐጂው እርምጃ ቀስ ብሎ ራቀ። «አላሁ አክበር» ተባለ፤ ማንም አልጮኸም። ራሂማ ሱጁድ ወርዳ ግንባሯ የነካውን ምንጣፍ በእንባ አራሰችው።

ሶላቱ ሲያበቃ ሐጂ መንሱር፣ ከንፈራቸው ገና እንዳበጠ፣ ወደ ጦሃ መጡ። አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት።

ወዳጆቼ፣ ሸህ ደሊል የሶፍን ሕግ የናቁ እንዳይመስላችሁ፤ ሲያስተምሩት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ሶፍ የሚገጠመው ሰው እንዳይጎድልበት መሆኑን ግን አልረሱም። እኔ ራሴ ስንቱን «ጠጋ በል» እያልኩ ገፍቻለሁ፤ ምን እንደከበደው አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ። ጦሃን በብረት አስረን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመን ቢሆን ኖሮ፣ ሸይጧን ከዚያ የሰፋ በር ከየት ያገኝ ነበር?