የጋሽ ድንበሩ ማሲንቆና የተያዘው ሞኒተር

«ከድርዬ፣ ሌላ ነገር መች ጠየቅኩህ? የገዛ ማሲንቆዬን ልስማው ነው የምልህ» አለ ጋሽ ድንበሩ፣ ሚክሰሩ ፊት ተገትሮ።

እውነቱን ነው። መድረኩ ላይ ወደ ተጫዋቾቹ የዞሩት ስፒከሮች፣ እነዚያ ሞኒተር የሚሏቸው፣ የሁሉንም ያጮኻሉ፤ የሱን ብቻ አያወጡም። ዛሬ የምትዳረው ደግሞ የእህቱ ልጅ ናት፤ ሙሽራይቱን በማሲንቆ አስገባታለሁ ብሎ ለእህቱ ቃል ሰጥቷል። ራሱን ካልሰማ ማሲንቆው ባቲ ሲል እሱ አንቺሆዬ ይላል።

«ጋሼ፣ ለሞኒተር ያለኝ መውጫ አራት ነው፤ አራቱም ተይዟል» አለ ድምፅ ተቆጣጣሪው ከድር። «ኪቦርዲስቱ ለብቻው ሁለት ይዟል፤ አንዱን ለግራ ጆሮው፣ አንዱን ለቀኝ። ሂድና አንዱን አስለቅቀው።»

ሄደ። «ወንድሜ ኪቦርድ፣ አንዷን ልቀቅልኝ። አንተ ካልለቀቅክ ከድር አይሰካም፤ ከድር ካልሰካ ማሲንቆዬን አልሰማም።»

«በአንድ ሞኒተርማ ድራሙ ይውጠኛል። መጀመሪያ እሱን ቀስ አስብለው።»

ሄደ። «ድራም የኔ ጌታ፣ ቀስ በል። አንተ ቀስ ካላልክ ኪቦርድ አይለቅም፤ ኪቦርድ ካልለቀቀ ከድር አይሰካም፤ ከድር ካልሰካ ማሲንቆዬን አልሰማም።»

«ወድጄ ነው? ዘፋኟን አልሰማትም። የት እንደደረሰች ስለማላውቅ ዝም ብዬ እወቅጣለሁ። ወደ ማይኩ ጠጋ ትበልና ቀስ እላለሁ።»

ሄደ። «እመቤቴ፣ ጠጋ በይ። አንቺ ካልተጠጋሽ ድራም ቀስ አይልም፤ ድራም ቀስ ካላለ ኪቦርድ አይለቅም፤ ኪቦርድ ካልለቀቀ ከድር አይሰካም፤ ከድር ካልሰካ ማሲንቆዬን አልሰማም።»

«ብርዛፍ ሞኒተሬን ወደ ራሷ ጎትታዋለች» አለች ዘፋኟ፣ ተወዛዋዧን በአገጯ እያሳየች። «ማይኩ እዚህ፣ ሞኒተሩ እዚያ። ራሴን ልስማ ስል ከማይኩ እርቃለሁ። ለሁለት ልሰንጠቅልህ?»

ውጭ የሙሽሮቹ መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። ጋሽ ድንበሩ ሮጠ።

«ብርዛፍ ልጄ፣ ሞኒተሩን መልሺ። አንቺ ካልመለስሽ ዘፋኟ አትጠጋም፤ ዘፋኟ ካልተጠጋች ድራም ቀስ አይልም፤ ድራም ቀስ ካላለ ኪቦርድ አይለቅም፤ ኪቦርድ ካልለቀቀ ከድር አይሰካም፤ ከድር ካልሰካ ማሲንቆዬን አልሰማም፤ እኔ ካልሰማሁ እህቴ ዓይንህን ላፈር ትለኛለች።»

ብርዛፍ ወገቧን ያዘች። «እኔስ ሞኒተሩን የጎተትኩት ማሲንቆ ፍለጋ አይደል? ትከሻዬ ያለ ማሲንቆ አይነሳም። ጆሮዬን ደፍቼበት ብውል ጠብ የሚል ነገር የለም።»

ጋሽ ድንበሩ ከሰው ሰው ይዞት ሲዞር የዋለውን፣ ብብቱ ሥር ያለውን ማሲንቆ አየው። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ቆሞ ገዘገዘው።

የብርዛፍ ትከሻ ተነሳ። ሞኒተሩን በእግሯ ገፍታ መለሰች፤ ሞኒተሩ ሲመለስ ዘፋኟ ተጠጋች፤ ዘፋኟ ስትጠጋ ድራም ቀስ አለ፤ ድራም ቀስ ሲል ኪቦርድ አንዷን ለቀቀ፤ ኪቦርድ ሲለቅ ከድር ሰካ።

ሙሽራይቱ ቬሏን ሰብስባ በሩ ላይ ደርሳለች። ጋሽ ድንበሩ ሞኒተሩ ፊት ቆሞ አንዴ ሳብ አደረገው። የገዛ ማሲንቆው፣ በስንት ዓመቱ፣ ጥርት ብሎ፣ ከነመዛባቱ፣ ፊቱ ላይ መጣ። ብርዛፍ ሳቋን ዋጠች። ዘፋኟ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ከድር ከሚክሰሩ ጀርባ አንገቱን አሰገገ።

«ተሰማህ አይደል፣ ጋሼ? በል እንግዲህ ቃኘው።»