ሁለት እጅ ያረፈበት ገንቦ

አንድ ቃሉን የማያጥፍ ገዥ ነበር፤ ባላምባራስ ደምሌ ይባላል። የወንዙ ላይኛው አገር የእሱ፣ ታችኛው የግራዝማች ታፈረ ነው። ሁለቱ በውሃ ሲጋደሉ ኖረው በመጨረሻ ታረቁ። ባላምባራስም ልጁን ይርገዱን ለግራዝማች ልጅ ዳረ። ውላቸው አጭር ነበር፤ በበጋ ባላምባራስ ወደ ቦዩ የሚጠልፈው ውሃ ከተወሰነለት ልክ አያልፍም።

ለምስክርነት አፉ የተደፈነ ገንቦ ቦዩ ውስጥ ተቀበረ። ጎኑ ላይ፣ ልክ በውሉ ከፍታ፣ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ውሃው ከልኩ ካለፈ በዚያ ይገባል፤ ቢደፉት እንኳ ደለሉ ውስጡ ይቀራል። በጋው ሲያልቅ ገንቦው ተሰብሮ ይታያል።

ባላምባራስ ቃሉን ጠበቀ። ገብሱ ዓይኑ እያየ ሲያርር ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ገንቦውን ማንም እንዳይነካበት ብሎ ዘበኛ አቆመ፤ የግራዝማች ሰዎች ሊያዩ ሲመጡም ከሩቅ አስመለሳቸው። ጥንቃቄ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ቀኑ ደርሶ ገንቦው ሲሰበር ውስጡ ደረቅ ነበር። ግራዝማች ስባሪውን አገላበጠና፣ “ሸክላ ሠሪዋ የእርስዎ፣ ጭቃው የእርስዎ፣ ዘበኛው የእርስዎ። የተቀበረው ይኸው ስለመሆኑ ማን ይመስክርልኝ?” አለ።

“እኔ እመሰክራለሁ።”

“የቸገረኝ እሱ ነው” አለ ግራዝማች።

ባላምባራስ ደሙ ፈላ። ገብሱም አረረ፣ ስሙም ጠፋ። ቤቱ ተመልሶ ክተት ሊያውጅ ሲል ይርገዱ ሕፃን ልጇን አዝላ ደረሰች።

“አባባ፣ ጦርነት ከተነሣ ይህ ልጅ ከየትኛው ወገን ሆኖ ይሙት?”

“እኔ አልዋሸሁም፣ ልጄ።”

“አውቃለሁ። እኔ ልጅዎ ስለሆንኩ ቃልዎ ይበቃኛል። አማቼ ግን በምን ይመኑዎት? እንዳያዩ የከለከሏቸው እርስዎ ነዎት።”

ባላምባራስ አፈረ። ክተቱን ትቶ፣ “ምን ባደርግ ያምኑኛል?” ብሎ ወደ ግራዝማች ላከ። ግራዝማችም፣ “እንግዲያው የመጪውን በጋ ገንቦ እኔ አሠርቼ ላምጣ” አለ። ይሄኔ ባላምባራስ፣ “ምን መተት ቀብሮበት እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?” ብሎ ደነገጠ። ወዲያው ሳቁ መጣ። ለካ እሱም አያምንም።

ስለዚህ የላይኛው አገር ቀይ አፈርና የታችኛው ጥቁር አፈር አብሮ ተቦካ። ብዙ ገንቦ ተሠራ። በእሳት ሳይተኮስ በፊት ሁለቱ ገዦች በእያንዳንዱ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ባላምባራስ ደስ ያለውን መርጦ እየሰበረ ውስጡን ፈተሸ፤ መተት የለም። ግራዝማች ከቀሩት አንዱን መርጦ በገዛ እጁ ቀበረ። ዘበኛም አልቆመ።

በጋው አለፈ። ገንቦው ተሰበረ፤ ደረቅ ነበር። ግራዝማች የራሱን መዳፍ አሻራ ከስባሪው ላይ ለቅሞ ገጣጠመና ረጅም ጊዜ አየው።

“ባላምባራስ፣ አምናም እንዲሁ ደረቅ ነበር?”

“ደረቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አላመንኩዎትም?”

“እውነቱን ለብቻዬ ይዤው ነበራ” አለ ባላምባራስ።

ወዳጆቼ፣ እውነተኛ መሆን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ የሚጠራጠረን ሰው በገዛ እጁ ዳስሶ እንዲያረጋግጥ መፍቀድ ነው። እኛስ ንጹሕ መሆናችንን ተማምነን ማንን ከሩቅ መልሰናል?