ጠረጴዛ ላይ የወጡት ሥራ አስኪያጅ

አዲስ በተሠራ የመኖሪያ መንደር ውስጥ ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ አንዲት እናት ትኖር ነበር። መንደሩ የሚፈቅደው የአንድ ኩባንያ ኢንተርኔት ብቻ ነው። እሱም ከመቆራረጡ የተነሣ ሕፃን ልጇ አባቷን የምታውቀው ስልክ ላይ አፉን እንደከፈተ ደርቆ የሚቀር ሰው አድርጋ ነው። ስለዚህ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ልጇን እንዳዘለች ተነሣችና፣ "እባክዎ ሌላም ኩባንያ ይግባልን" አለች።

የመንደሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሰው ሳቁባት።

"ምርጡን መርጠንላችኋል እኮ! ቅሬታ ያለው በኢንተርኔት ይላክ ብለናል፤ እስካሁን አንድም አልደረሰኝም። አንድ እንኳ ከተገኘ ሌላውን ኩባንያ ዛሬውኑ አስገባለሁ። ይኸው፣ በዓይንሽ እይው!" ብለው ስልካቸውን አወጡ።

የቅሬታ መቀበያው ገጽ አልከፈት አለ። አቶ ደምሰው ስልኩን ሽቅብ አነሡት፤ ወንበር ላይ ወጡ፤ በመጨረሻም ከነጫማቸው ጠረጴዛው ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። ተሰብሳቢው ሁሉ አንጋጦ ያያቸዋል።

እናትየዋም የተንሸራተተች ልጇን ከፍ አድርጋ አዘለችና እንዲህ አለች፦

"ጋሼ፣ እኔስ ቅሬታዬን ልልክ ቁምሳጥን ላይ ወጥቼም ኔትወርኩ እንቢ ብሎኛል። እርስዎ ከወጡ አይቀር፣ ከያዘልዎ የእኔንም ቅሬታ አብረው ይላኩልኝ።"