ሦስት ጊዜ የተመረቀችው ቮልስ

ደሴ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ሰው ቤቱን ጣራ ሳያለብስ በረንዳውን ቀለም ሲቀባ፣ ወይም ገና ሥራ ያልጀመረ ማኅበር ማኅተም ሲያስቀርጽ፣ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጉት አንድ አባባል አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው የጥንት ጠቢብ የተናገረው ይመስለዋል። የምን ጠቢብ! አባባሉ የወረደው ከሰፈራችን ቁልቁለት ነው፤ ይዛው የወረደችውም የአቶ ይመር ቮልስ ናት።

አቶ ይመር ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቮልሷን የወረሱት ከአባታቸው ነው። አባትየው ከሞቱ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ በእነዚህ ዓመታት ከእሷ የተገኘ ጥቅም ቢኖር ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ የጣሉት እንቁላል ነው።

ታዲያ ልጃቸው ሰዓዳ በታጨች ቀን፣ የሙሽራው ሽማግሌዎች “በአምስት መኪና መጥተን እንወስዳታለን” ቢሉ፣ የአቶ ይመር ደም ፈላ።

“ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በአያቷ መኪና ነው! የምነዳውም እኔ፣ የምጠግናትም እኔው ነኝ፤ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ!” ብለው በሽማግሌ ፊት ማሉ።

በሽማግሌ ፊት የማለ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ አይልም። ሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ “ለመሆኑ መኪና ጠግነህ ታውቃለህ?” ብለው ቢጠይቋቸው፣ “ሠላሳ ዓመት የተመሰቃቀለ መዝገብ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው አንዲት ቮልስ ታቅተኛለች?” ብለው መለሱ። መዝገብና ቮልስ ምን እንደሚያገናኛቸው የገባው ሰው ባይኖርም፣ የሚከራከራቸውም አልተገኘም።

አባትየው ትተውት የሄዱት የመኪናዋ መጽሐፍ በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። አቶ ይመር ጀርመንኛ አያውቁም፤ ግን ሥዕል አለው። በሥዕሉ እየተመሩ ሞተሩን ከኋላዋ አወረዱ፤ ካርቡራተሩን በነጭ ጋዝ አጠቡ፤ ፒስተኖቹን በወይዘሮ ዘይነባ የልብስ ሳፋ ዘፈዘፉ፤ ካንዴላዎቹን በራሳቸው የጥርስ ብሩሽ ፈተጉ። እውነት ለመናገር ሰውየው ትጉህ ናቸው። በአርባኛው ቀን ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተንደቀደቀ።

ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። በግ ታረደ። ምርቃት የማያልቅባቸው ሼህ አራጋው እጃቸውን ዘረጉ።

“የተኛውን ያስነሳልህ!”

“አሚን!”

“የዛገውን ያፍታታልህ!”

“አሚን!”

አቶ ይመር ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፋ የተባለ ፋይል ፈልገው ሲያገኙ፣ አንድ ቀን አሚን ያለላቸው ሰው አልነበረም። ደስ አላቸው፤ በጣም ደስ አላቸው።

ከጠቅላላው ሕዝብ መሃል ጥያቄ የቀራቸው ጋሽ አበጋዝ ብቻ ናቸው። ጋሽ አበጋዝ ሃያ ስምንት ዓመት በከባድ መኪና አሰብ የተመላለሱ ሽማግሌ ናቸው። ሥጋቸውን ጨርሰው፣ ጣታቸውን እየጠራረጉ፣ “ይመር፣ ፍሬኑስ?” አሉ።

“አብሽሩ ጋሽ አበጋዝ፣ እሱም ይደርሳል።”

ቀጥሎ ክላክሱ ተሠራ። ገበያ ድረስ ተሰማ፤ ሌላ ድግስ፣ ሌላ ምርቃት። ቀጥሎ የፊት መብራቶቹ በሩ፤ ሦስተኛ ድግስ። ጋሽ አበጋዝ በየድግሱ እየበሉ፣ በየምርቃቱ አሚን እያሉ፣ በመጨረሻ “ፍሬኑስ?” ይላሉ። ሰፈሩ “እኚህ ሽማግሌ ቅናት ጀመራቸው” ብሎ ያማቸው ጀመር። ሼህ አራጋውም ቢሆኑ “ያስነሳልህ” እንጂ “ያቁምልህ” ብሎ መመረቅ ነውር ስለሆነ፣ ነገሩን አላነሱትም።

አቶ ይመር ያልሞከሩ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን የምር መኪናዋ ሥር ገቡ። ከጠዋት እስከ ቀትር በጀርባቸው ተንጋለው የፍሬኑን ቱቦ ሲከተሉ፣ በውስጡ ዘይቱን የሚይዙትን የደረቁ ትንንሽ ጎማዎች ሲያወጡ ዋሉ። ዝር ያለ ሰው የለም። በመጨረሻ ጎረቤታቸው እንድሪስ ብቅ አለ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየሠሩ ነው?”

“ፍሬን።”

“እሺ፣ ሲሠራ ምን ይላል?”

“ምንም አይልም።”

“ይበራል?”

“አይበራም።”

“በሉ ይቅናዎት” ብሎ እንድሪስ ሄደ።

አቶ ይመር የእንድሪስ ጫማ በበሩ ሲወጣ ከመኪናዋ ሥር ሆነው አዩ። ሆድ ባሳቸው። አሮጌዎቹን ጎማዎች አጠብ አጠብ አድርገው መለሷቸው፤ የፍሬን ዘይት ጨመሩና ረገጡ። አንዴ ቢረግጡ ምንም፤ ሁለቴ ምንም፤ ሦስቴ ምንም፤ በአራተኛው ያዘ። “ያዘ እኮ!” አሉ ለራሳቸው። ግቢያቸው ሜዳ ነው፤ እዚያ አራት ጊዜ ለመርገጥ ጊዜ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑን መጠገን ጀመሩ።

ይህን ለጋሽ አበጋዝ በኩራት ሲነግሯቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ከደጅህ ያለው ቁልቁለት አራት ጊዜ እስክትረግጥ ይጠብቅሃል? አዲስ ጎማ እኔ ከኮምቦልቻ አስመጣለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ስጠኝና ልሥራልህ።”

“ጋሽ አበጋዝ፣ በሽማግሌ ፊት ‘እኔው እጠግናታለሁ’ ብያለሁ። የሰው እጅ ከገባበት ቃሌ ምን ሊሆን ነው?”

“ቃልህ ከሰዓዳ ይበልጣል?”

አቶ ይመር ጨርቅ አንስተው የመኪናዋን በር መወልወል ያዙ።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ ጋሽ አበጋዝ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ግንብ ፊት ለፊት፣ ሁለት ጋሪ ሙሉ ጭድ ሲያስራግፉ ታዩ። ሰፈሩ ሳቀ። “ሙሽራው በፈረስ ነው እንዴ የሚመጣው?” አሏቸው። እሳቸው ጭዱን መከመራቸውን ቀጠሉ።

ረፋዱ ላይ ቮልሷ አበባ ለብሳ ከግቢ ወጣች። ሰዓዳ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ተቀምጣለች። ሞተሩ ሸጋ ነው፤ መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ይበራል፤ ክላክሱ ያስተጋባል። ሕዝቡ እልል አለ። ዳሱ የተጣለው ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ነው፤ ሙሽራውና ሽማግሌዎቹም እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። አቶ ይመር ወደ ዳሱ ሲቃረቡ ረገጡ። ምንም። ደገሙ። ሠለሱ። ለአራተኛ ጊዜ እግራቸውን ሲያነሱ ቮልሷ ዳሱንም፣ ሙሽራውንም፣ ሼህ አራጋውንም አልፋ ነበር። በአራተኛው ያዘ፤ ያዘና ያ የታጠበው ጎማ ተቀደደ። የእጅ ፍሬኑን ቢስቡት ሽቦው ብጥስ አለ።

“አባባ፣ አቁማት እንጂ!” አለች ሰዓዳ።

“እሺ ልጄ” አሉ። ከማለት በቀር የቀራቸው ነገር አልነበረም። በዕድሜያቸው እንደዚያች ቅጽበት ፈርተው አያውቁም፤ የፈሩትም ለራሳቸው አይደለም። “ያ ረቢ፣ እሷን ብቻ!” አሉ። መንገዱ ታጠፈ፤ ቮልሷ አልታጠፈችም። ጭዱ ውስጥ ገብታ እስከ መስኮቷ ተቀበረች። ከአፍንጫዋ እስከ ግንቡ የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም።

ሕዝቡ እየጮኸ ወረደ። ሰዓዳን ጎትተው ሲያወጧት ጭረት እንኳ አልነካትም። ዓይነ ርግቧን አራገፈችና፣ “አባባ፣ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ” ብላ የሙሽራውን ክንድ ይዛ ዳገቱን ተያያዘችው።

አቶ ይመር መሪውን እንደ ጨበጡ ቀሩ። ጋሽ አበጋዝ ጭዱን ገልጠው በሩን ከፈቱላቸው።

“ጋሽ አበጋዝ፣ ልጄን ገድያት ነበር” አሉ።

 እንድሪስ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ “ክላክሱ ግን ጋሼ! አሁንም እየጮኸ እኮ ነው!” አለ። ሼህ አራጋው ለምርቃት እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ግራ ገባቸው።

“እንዲህ ያለው ነገር ምን ይባላል፣ ጋሽ አበጋዝ?” አሉ።

ጋሽ አበጋዝ ከአቶ ይመር ትከሻ ላይ ጭዱን አንድ በአንድ እየለቀሙ መለሱ፦

“ለሚጮኸው ሲደግሱ፣ የሚይዘውን ረሱ።”