የሟቹ አባትና ፈጣኑ ተጫዋች

ሙሉእመቤት ቼዝ የሚያስተምሯትን ጋሽ አስናቀውን ጠየቀቻቸው። «በቀን አርባ ጨዋታ እጫወታለሁ፤ ሁሉም የሦስት ደቂቃ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለምንድን ነው የማልሻሻለው?» እሳቸውም እንዲህ አሏት።

ሰንጠረዥ የሚጫወት አንድ ሰው ነበረ። ሰንጠረዥ ያው የድሮው የአገራችን ቼዝ ነው። ይህ ሰው እጁ ፈጣን ነበር። ገበያው ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ ይገጥማል። ባላጋራው ገና ሲያስብ እሱ አንቀሳቅሶ ጨርሷል። ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። ሲሸነፍም ይስቅና «ድገም!» ይላል፤ ወዲያው ጠጠሮቹን እንደገና ይደረድራል። ሃያ ዓመት እንዲህ ተጫወተ። እሱን የሚያህል የለም ይባል ነበር፤ እሱም አመነ።

ታናሽ ወንድም ነበረው። ይህ ወንድሙ በወሰን ጠብ አንድ ጎልማሳ ገደለና ተይዞ ታሰረ። በዚያ አገር ልማድ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ወገን ለሞት ተላልፎ ይሰጣል። የሟቹ ወገን አባቱ ብቻ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ሌላ ልጅ የሌለው።

ፈጣኑ ተጫዋች አገረ ገዢው እግር ላይ ወድቆ ለመነ። አገረ ገዢው ሰንጠረዥ የሚወድ፣ በሰው ነፍስ መጫወትም የማይከብደው ሰው ነበር። «ሽማግሌውም ይጫወታል አሉ። ግጠመው» አለ። «ካሸነፍክ ወንድምህ አገር ለቆ ይሂድ። ከተሸነፍክ ለሽማግሌው እሰጠዋለሁ። ቀኑ የእናንተ ነው፤ የሚያቻኩላችሁ የለም።»

ተጫዋቹ ደስ እያለው ተስማማ። ሽማግሌውም የገዢ ቃል አይመለስምና «እሺ» አለ።

ጠዋት ጀመሩ። ሽማግሌው አገጩን ምርኩዙ ላይ አስደግፎ ሰሌዳውን ያያል፤ አንድ ጠጠር ለማንሳት ብዙ ይቆያል። ተጫዋቹ መጠበቁ አቃተው። ዓይኑ ከሰሌዳው ተነስቶ በሰንሰለት ወደታሰረው ወንድሙ ይሄዳል። የማሰቢያ ጊዜ ተሰጥቶታል፤ እንዴት ተቀምጦ እንደሚታሰብ ግን አያውቅም።

ቀትር ላይ የሽማግሌው ፈረስ ጠባቂ አጥቶ ታየው።

«ቆይ፣ አስብ እንጂ!» ብሎ ወንድሙ ጮኸ።

የተጫዋቹ እጅ ግን ቀድሞ ፈረሱን በልቶ ነበር። ሽማግሌው ወዲያው አንቀሳቀሰ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይዘገይ ያንቀሳቀሰው ያኔ ብቻ ነው። በሦስት እርምጃ የተጫዋቹ ንጉሥ መሸሻ አጣ።

ተጫዋቹ አፍጥጦ ቀረ። ከዚያም ልማድ ሆኖበት ጠጠሮቹን መልሶ መደርደር ጀመረ። ሽማግሌው እጁን ያዘው።

«ይህ ወጥመድ ዛሬ ነው የገጠመህ?»

«አይደለም አባቴ። ዋርካው ሥር ስንቴ ወድቄበታለሁ።»

«ወድቀህ ምን አደረግህ?»

«ሌላ ጨዋታ ጀመርኩ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «እኔና ልጄ የምንጫወተው እሁድ እሁድ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። አንድ ቀን በዚህ ወጥመድ ጣለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳርስ የት እንደሳትኩ ሳስብ ሰነበትኩ። ለካ ፈረሱን መብላት አልነበረብኝም። በሚቀጥለው እሁድ እኔ ጣልኩት። ሲስቅ አሁንም ይታየኛል።»

ይህን ብሎ ተነሳና ገዳዩን ተረከበ። ተጫዋቹ ስለ ማርያም እያለ ተከተለው፤ አልሰማውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሙ ሞተ። ተጫዋቹን ከዚያ ወዲያ ዋርካው ሥር ያየው የለም።

ጋሽ አስናቀው እዚህ ላይ ወደ ሙሉእመቤት ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሏት። «ሃያ ዓመት ተጫወተ እንጂ ሃያ ዓመት አልተማረም። ፈጣን ጨዋታ ክፉ ነው አልልሽም፤ ያወቅሽውን ቶሎ ማውጣት ያለማምድሻል። ግን ስህተትሽንም አብሮ ነው የሚያለማምድሽ፣ ሳታስቢው ከእጅሽ እስኪወጣ ድረስ። ያላወቅሽው ነገር የሚገለጥልሽ እንደዚያ ሽማግሌ በአንድ ጨዋታ ላይ ብዙ ስትቆዪ፣ የተሸነፍሽበትንም ይዘሽው ስትውዪ ነው። አንቺ ስትሸነፊ የሚሞትብሽ ሰው የለም፤ ሁለቱ ዓመት ሳይታወቅሽ ያለፈው ለዚህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ረጅም ጨዋታ ከእኔ ጋር ትጫወቻለሽ። ስትሸነፊ የት እንደሳትሽ እስክታሳዪኝ ድረስ ሁለታችንም ከወንበራችን አንነሳም።»